ልሙጡ መጣባት

እኔ ወሬ አልወድም። ወሬ ነው እኔን የሚወደኝ። ኮሪደር ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ሊፍት ስጠብቅ፣ ዝም ብዬ በመስኮት ሳይ እንኳን እየመጣ ይለጠፍብኛል። የዛን ዕለትም እንዲሁ ነው የሆነው። ጎረቤቴ ሶሊያና በሯን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች፤ ለኔ ደግሞ የተገረበበ በር አይቶ የሚያልፍ እግር አልተፈጠረልኝም።

"ሶልዬ! አለሽ?"

የለችም። ለካ በርበሬ ልታሰጣ ጣራ ላይ ወጥታለች። ስልኳ ግን መስኮቱ ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ቁጭ ብሏል። የሰው ስልክ አላይም እኔ። ድንገት ሲበራ ጊዜ ብቻ አንገቴን ትንሽ አሰገግኩ።

ልሙጡ ነው።

"እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሶሊያና፤ ዛሬ ሁለተኛውን ስክሪን እንሠራለን" ይላል፣ በዛ ቅቤ በመሰለ ድምፁ።

 ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ከሌላ አገር ለመጣ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው። ድሮ ድሮ አፕ የሚሠራልህ ሌላ ሰው ነበር ይላሉ። አሁን የየራስህን ራስህ ነህ። የበሬን መክፈቻ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ለዛ ነው አንዳንዴ እንግዳ አስገብቶ እኔን ውጪ የሚያስቀረኝ። ቧንቧዬንም እኔ፣ የጤና ጣቢያ ወረፋዬንም እኔ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ! ጠዋት ጠዋት ቪዲዮ ይመጣል። "በተኑን ጎትተሽ መሃል አስቀምጪው" ይልሻል፣ ታስቀምጫለሽ። "አሁን ስም ስጪው" ይልሻል፣ ትሰጫለሽ። ዓይንሽን ከነቀልሽ ቪዲዮው ይቆምና ይጠብቅሻል። ትምህርቱን የዘለለ ሊፍት አያነሳውም። ደጋግሞ የዘለለ ደግሞ ቧንቧው ይደርቃል። ለምደነዋል፤ ሰው ምን የማይለምደው አለ።

መጀመሪያ የሚያስተምሩን የማናውቃቸው ቆንጆ ቆንጆ ልጆች ነበሩ። ሽማግሌው ሁላ ቪዲዮው ፊት ተቀምጦ እንቅልፉን ለጠጠ። በኋላ ነው ፊት ማዋስ የመጣው። ልጅሽ ፊቱንና ድምፁን ያውስሻል፣ ቪዲዮው በሱ ፊት ያስተምርሻል። ልጁ እያናገረው ዓይኑን የሚነቅል ማነው? እኔን የምታስተምረኝ ልጄ ኤዶም ናት። ፊቷ ማለቴ ነው። እሷማ ባህር ዳር ናት፣ ሥራ ይበዛባታል፣ ወንድሟ ናኦድም እንደዛው። ፊቷ ግን አንድ ጠዋት ቀርታ አታውቅም።

እንግዲህ ፊት ያዋሰው ሰው ሲሞት ፊቱ በዛው ቀን ይነሳል። ሕግ ነው። በምትኩ ልሙጡ ይመጣል። ዓይንም አፍንጫም አለው፣ ግን የማንም አይደለም፤ የተላጠ እንቁላል ነው። በኛ ሕንጻ "ልሙጡ መጣባት" ከተባለ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። ከስልክ ይቀድማል፣ ከሆስፒታልም ይቀድማል። አራተኛ ፎቅ የነበሩት ጋሽ ናሆም የልጃቸውን ሞት የሰሙት እንዲህ ነው። ብቻቸውን፣ ቁርሳቸውን ሳይበሉ፣ "እንደምን አደሩ፣ ዛሬ ቀለም እንቀይራለን" ሲላቸው። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲገባ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ፣ ቪዲዮው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ከዛ ወዲያ ሰው አልሆኑም፣ ብዙም ሳይቆዩ ልጃቸውን ተከተሉ። እሳቸውን ቀብረን ስንመለስ ሕንጻው በሙሉ ተማማለ፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው መርዶውን ከልሙጡ አይሰማም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ በሰው መሃል፣ ግራ ቀኝ ደጋፊ ይዞ ነው የሚነገረው።

የሶሊያናን ስልክ ነቅዬ ጡቴ መሃል ሸጎጥኩትና ወደ ጋሽ ፊራኦል ሮጥኩ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። በሩን የከፈቱልኝ የጥርስ ብሩሻቸውን እንደነከሱ ነው።

"ልሙጡ ሶሊያና ላይ መጣባት።"

ብሩሹ ወደቀ። "ኪሩቤል?"

"ከሱ ሌላ ማን አላት?"

ኪሩቤል አንድ ልጇ ነው። ሰመራ፣ የፀሐይ ማሳው ላይ መስታወት ሲያጥብ ነው የሚውለው። ከሄደ ወዲህ በአካል የመጣበትን ጊዜ እኔ አላስታውስም፤ እኔ ካላስታወስኩ ደግሞ አልመጣም ማለት ነው።

"እሷስ አይታለች?" አሉኝ።

"አላየችም። ጣራ ላይ ናት።"

"እንግዲህ እስከ ነገ ጎህ ድረስ እንዳታይ። እድርተኛውን ጥሪ፣ ያቺን ያንቺን ነገር ተጫኛት።"

ያቺ የኔ ነገር የቤት ሥራዬ ናት። ያን ሰሞን የምንማረው አንድ በተን ተጭኖ ለብዙ ሰው መላክ ነበር። ሌላው ሁሉ የልደት ካርድ ምናምን ሠራ። እኔ የእድር ጥሩምባ ሠራሁ። በተኑን ስትጫኚው የእድርተኛው ስልክ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከስሩ ጽሑፍ ይወጣል። ጋሽ ፊራኦል የአባላቱን ቁጥር በየቤቱ አስገብተውልኛል። የኤዶም ፊት "ጎበዝ እማዬ" ብላኛለች። ለእውነት ተጭኜው ግን አላውቅም ነበር።

"ጻፊ" አሉኝ። "ኪሩቤል..."

"ኧረ አንቱ ጋሽ ፊራኦል! መርዶ ሳይነገር የሟች ስም ይጻፋል?"

"እሱስ እውነትሽን ነው።"

እናም "ለቅሶ አለ፣ እነ ሶሊያና ቤት፣ ነገ ጎህ ሲቀድ" ብዬ ጻፍኩ። ሶሊያና እንዳትሰማ የሷን ቁጥር ብቻ ለይቼ አነሳሁ። ብልጥ ነኛ! ተጫንኩት።

ሕንጻው ከምድር እስከ ላይ ጥሩምባ ሆነ።

ጣራ ላይ ስወጣ ሶሊያና ሸራዋ ላይ ቁጢጥ ብላ በርበሬ ትበትናለች።

"ጥሩምባ ሰማሁ። ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም። የቤት ሥራዬን ስሞክር ነው።"

"አንቺ ደሞ በሞት ትጫወቺ! ስልኬን አይተሽልኛል?"

"ቤትሽ ይሆናላ።"

ስልኩ እዛው ጡቴ መሃል መንዘር ጀመረ።

"ደረትሽ ይንቀጠቀጣል እኮ ሄርሚ።"

"ልቤ ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል።"

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስልኩን መደበቅ አይበቃም። ትምህርቱ ከሊፍቱ ግድግዳም ይመጣል፣ ከፍሪጁ በርም ይመጣል። ስክሪን የሌለው ጣራው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ እስኪመሽ ከጣራ መውረድ የለባትም። ለቢታንያ፣ ለሁለተኛ ፎቋ ልጅ፣ ሹክ አልኳት። ትንሽ ቆይታ አንድ ማዳበሪያ በርበሬ ተሸክማ ከች።

"እትዬ ሶልዬ፣ እንደርስዎ በርበሬ የሚቀነጥስ የለም ብለውኝ..."

"ማን ነው ያለሽ?"

"ሁሉም።"

ሁሉም ተከታትሎ መጣ። አንዱ በዘምቢል፣ አንዱ በሳፋ፣ የስድስተኛ ፎቁ ሰውዬ ደግሞ ሌላ ሲያጣ ምስር ይዞ ወጣ። ጣራው ቀላ። እኛም አስነጠስን፣ አለቀስን፣ በበርበሬ እያሳበብን። ሶሊያና ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ምነው ዛሬ ገበያ ሊዘጋ ነው እንዴ? አገሩ ሁሉ በርበሬ ትዝ አለው!"

ሳቅን። ስንስቅ ግን ዓይናችን ይሸሻታል። አንዷ ሳታስበው "አይዞሽ" ብላ ትከሻዋን ዳበሰቻት፤ እኔ ቆንጥጬ ወሰድኳት። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ዝም ማለት ምጥ ነው። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ እንደዛን ቀን አላማጥኩም። አፌ ውስጥ ይዞራል፣ ይገፋኛል፣ መልሼ እውጠዋለሁ። እሷም ደህና አልነበረችም። በርበሬውን ከላይ ገልብጣ መልሳ ትገለብጠዋለች፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች።

"ትምህርትሽን አልተማርሽም ዛሬ?" አልኳት፣ እንደማጣራት።

"ይቅርብኝ ዛሬ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ነፍሷ ነግሯታል አልኩ በሆዴ።

ማታ ብቻዬን ማደር ፈራሁ ብዬ እኔ ቤት አሳደርኳት። ትምህርት ስለዘለለች ሊፍቱ እምቢ ብሏት በደረጃ ነው የወረድነው። ቀድሜ ሄጄ ፍሪጁን በጋቢ ጠቅልዬው ነበር።

"ፍሪጅ ይበርደዋል እንዴ?" አለችኝ።

"አርጅቷል፣ እንደኛው ነው።"

ጎህ ሲቀድ ሶሊያናን ወደ ቤቷ መለስኳትና እድርተኞቹ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጋሽ ፊራኦል ከፊት። ቢታንያና እኔ ግራና ቀኝ ያዝናት። ታች ግቢው ውስጥ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ንፍሮው ሳይቀር ተጥዷል። ሶሊያና ሰውን ሁሉ በየተራ አየች።

"ምንድነው?"

"ሶሊያና" አሉ ጋሽ ፊራኦል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ያው የሰው ልጅ መንገዱ ነው። ጠንከር በይ። ኪሩቤል..."

እሪ አለች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ከእጃችን አምልጣ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ኪሩዬ! መቼ? ምን ሆኖ? ማን ነገራችሁ?"

"ትናንት ጠዋት" አልኳት እያለቀስኩ፣ "ልሙጡ መጥቶብሽ አየሁ። አፈር ልብላ፣ ስልክሽ ላይ።"

ጩኸቷ ቆመ። ልክ ውሃ እንደሚዘጋ።

"ልሙጡን አይተሽ ነው?"

"አዎ።"

"ሌላ የነገራችሁ ሰው የለም?"

"ማን ይነግረናል?"

"አንቺ ሴትዮ!" አለች። "ልሙጡን ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ። ከትናንት በስቲያ ማታ። የኪሩቤልን ፊት መለስኩት!"

 ፊት መመለስ ይቻላል፣ እናውቃለን። ቪዲዮው ታች ጥግ ላይ የምትጻፍ ደቃቅ ነገር አለች። ግን ማን ይጫናታል? የገዛ ልጁን ፊት ማን ውሰዱልኝ ይላል? በሕንጻው ታሪክ ያደረገው የለም፤ ለዛ ነው ማናችንም ያላሰብነው።

"ለምን?" አለቻት ቢታንያ።

"በየቀኑ 'ጎበዝ እማዬ' ይለኛል። ኪሩቤል በሕይወቱ ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ይሄኛው አያረጅም፣ አይቆጣም፣ አያኮርፍም። ባለፈው እሱን እያየሁ፣ የእውነቱ ልጄ ሲስቅ እንዴት ነበር ብዬ ባስብ ጠፋኝ። ጠፋኝ እኮ! ሌላ ሰው እያሳደግኩ መሰለኝ። አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ።"

"ታዲያ ልጁ አለ?" አሉ ጋሽ ፊራኦል።

 አለ ማለት ነው፤ ግን ማን አረጋገጠ? አንዴ ሞቷል ከተባለ በኋላ ደግሞ አለ ብሎ ማመን እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ። ስልኳን ከጡቴ መሃል አወጣሁት። ሶሊያና ቀና ብላ አየችኝና ቂሟን ለሌላ ቀን አስቀመጠችው። ደወለች። ጠራ። ጠራ። አላነሳም። መልሳ ደወለች።  ሰው ሁሉ ያንን የስልክ ጥሪ እያዳመጠ ቆመ። የሚቀመጥም የለም፣ የሚወጣም የለም። ጋሽ ፊራኦል መቁጠሪያቸውን አውጥተው መልሰው ከተቱት። "ጠዋት ስለሆነ ነው" አለች አንዷ። "ሥራ ገብቶ ይሆናል" አለች ሌላዋ። ሶሊያና መደወሏን አላቆመችም።

ከደረጃው ሥር የወንድ ልቅሶ ተነሳ።

"እማዬ! እማዬን! ወይኔ እናቴን!"

እየቀረበ መጣ። ፎቅ በፎቅ፣ እየተደናቀፈ። በሩ ላይ አንድ ወፍራም፣ አቧራ የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ተገተረ። ጫማው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። ሶሊያናን ሲያያት አፉን እንደከፈተ ቀረ።

እሷም አየችው። መጀመሪያ አላወቀችውም፤ እኔ ምስክር ነኝ። ቪዲዮው ላይ ያለው ኪሩቤል ጎረምሳ ነው።

"አንቺ... አለሽ?" አላት።

"አንተስ?"

"ስልኬ ጥሩምባ ነፋ። ለቅሶ አለ እነ ሶሊያና ቤት ይላል። በጭነት መኪና ነው ያደርኩት።"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። የሶሊያናን ቁጥር አንስቼ በቤቷ ስር የተጻፈውን የልጇን ረስቼዋለሁ። ያለ ሟች ስም ደግሞ ጽፌዋለሁ። እሱስ ምን ይበል?

"ስደውልልህ ለምን አታነሳም?" አለችው እናቱ፣ አሁን ቁጣ ቁጣ እያላት።

"ባንቺ ስልክ ጎረቤት የሚደውል መሰለኝ። መርዶሽን በስልክ ልሰማ? እንዴት ላንሳው?"

አጠገቡ ሄደች። ጢሙን ነካችው። ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች።

"ጥርስህስ?"

"ወለቀ።"

"መቼ?"

"ቆይቷል።"

"አልነገርከኝም እኮ።"

"አልጠየቅሽኝም እኮ።"

እሱንማ ተቃቅፈው ሲላቀሱ አስቡት፤ እኔ ልናገረው አልችልም። እኔ የማወራው ከዛ በኋላ የሆነውን ነው። ልጁ እንባውን ሳይጠርግ እጁ ላይ ያሰረው ነገር ጮኸ። አየውና ፊቱ ጠቆረ።

"ምንድነው?" አልኩት።

"መሥሪያ ቤቴ ነው እትዬ ሄርሜላ። የሟች ስም ያስገቡ ይላል። ለቅሶ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ስም ካላስገባሁ ዛሬውኑ መሳፈር አለብኝ።"

"በሌላ ነገር አይለቁህም?"

"አይለቁም።"

"ለሰርግስ?"

"ሰርግ በቪዲዮ ነው።"

"ከታመምክስ?"

"የታመመ እዛው ይታከማል። የሚያስወጣው ለቅሶ ብቻ ነው፣ እሱም እድር ሲያረጋግጥ። እስከ ሳልስት ይሰጡሃል።"

 ሶሊያና እጅጌውን ይዛለች፤ የእጇ ጅማት ተገትሯል።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። "ጋሽ ፊራኦል" አልኩ፣ "ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው በስሏል፣ ሰውም ተሰብስቧል። የጎደለን ሬሳ ብቻ ነው።"

"እድር በውሸት ለቅሶ አያረጋግጥም!"

"የማን ውሸት? ያኔ ጋሽ ናሆምን ብቻቸውን ስናስቀምጥ እውነት ነበር እንዴ? እኔን ጻፉኝ። አክስቱ ነኝ፤ ጡት ባላጠባውም ብዙ ተቆጥቼዋለሁ።"

ቢታንያ ጮኸች። "እማማ ሄርሜላ፣ በርዎ ይቆለፋል እኮ! ቧንቧዎም ይዘጋል!"

"ሶልዬ ዘንድ አድራለኋ። ከሳልስት በኋላ ተሳስተን ነው ይባላል። አፕ ተሳስቶ አያውቅም?"

ሰው ሳቀ። ጋሽ ፊራኦል ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ "ሄርሜላ" አሉኝ፣ "የሞተ ስም ማስነሳት ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ትምህርት ነው የሚያስጀምሩሽ፤ እሱም ካመኑሽ።"

"ያምኑኛላ። ሄጄ አዋራቸዋለሁ።"

ስልኬን አወጣሁ። በአንድ ጣቴ፣ ፊደሉን እየፈለግኩ፣ "ለቅሶ አለ። ሟች ሄርሜላ" ብዬ ጻፍኩ። ስምን እንዲህ ሲያዩት ይገርማል፤ የሌላ ሰው ይመስላል።

"የልጆችሽን ቁጥር አንሺ እንጂ!" አሉኝ ጋሽ ፊራኦል። "ትናንት ያደረግሽው አይበቃም?"

በኔ ቤት ስር ኤዶም አለች፣ ናኦድ አለ። ማንሳት ቀላል ነው፣ ተምሬዋለሁ። ጣቴን የኤዶም ቁጥር ላይ አሳረፍኩ። ቀና ስል ሶሊያና የልጇን ድድ በጣቷ እየነካካች "ያምሃል?" ትለዋለች። ያ የሚያህል ሰውዬ አፉን እንደ ሕጻን ከፍቶላታል።

"አነሳኋቸው" አልኩ።

አላነሳኋቸውም። ተጫንኩት።

ጥሩምባው ከየኪሱ፣ ከየቦርሳው ተነሳ። ጋሽ ፊራኦልም እያጉረመረሙ በእድሩ ስም አረጋገጡ። የኔ በር እዛው አጠገባችን ቀጭ ብሎ ሲቆለፍ ሰማሁት። የኪሩቤል እጅ ላይ ያለው ነገር ዝም አለ፤ ተቀብሎታል። ወደ ድንኳኑ ወረድን። ቢታንያ ግማሽ በሳቅ ግማሽ በእንባ "ወይኔ እማማ ሄርሜላ፣ የሕንጻችን ሬዲዮ!" ብላ ጀመረች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት። ደህና አድርገው ነው ያሞገሱኝ፤ አንዳንዱን ግን በሕይወት እያለሁ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት።

እኔ ወንበር ጎትቼ ከድንኳኑ አፍ ላይ፣ ፊቴን ወደ ግቢው በር አድርጌ ተቀመጥኩ። ባህር ዳር ሩቅ ነው። ናኦድ ያለበት ይቀርባል፣ እሱ ግን ቀልብ የለውም። አሁን ሰምተዋል። አሁን ስልካቸውን አይተው ቆመዋል። ጥፋት ሠርቼ ይሁን ጽድቅ እኔንጃ።

"እማማ" አለችኝ ቢታንያ መጥታ ከፊቴ እየቆመች፣ "ሟች እኮ ድንኳን በር ላይ አይቀመጥም። ሰው ምን ይላል?"

"ሂጂ አልቅሺ አንቺ" አልኳት። "ደሞ ዞር በይ፣ መንገዱን ጋርደሽኛል።"